መልስ፦ ለአነስተኛ ቢሮ ዊንዶውስ፣ ማክ ወይስ ሊኑክስ?

አራት ኪሎ ለሚከፍቱት የሂሳብ ሥራ ቢሮ ከሦስቱ የትኛው በደኅንነት እንደሚበልጥ ጠይቀዋል። በእኔ እምነት ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ማሻሻያ በወቅቱ መጫኑ ነው። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 በዓለም ዙሪያ ኮምፒውተሮችን ሲቆልፍ፣ ማይክሮሶፍት ክፍተቱን የሚደፍነውን ማሻሻያ ካወጣ ሁለት ወር ገደማ አልፎት ነበር። በከተማችን ፈቃድ የሌለው ዊንዶውስ፣ ማሻሻያውም ዲፌንደር የተባለው የራሱ ጸረ-ቫይረስም ተዘግቶ፣ እየተጫነ መሸጡ እጅግ ያሳስበኛል።

ሌላው የፍላሽ ነገር ነው። በየማተሚያ ቤቱ ሲሰካ የዋለ ፍላሽ ዊንዶውስ ላይ ሲከፈት ፎልደሮቹ ተደብቀው በምትካቸው ሾርትከቶች ይታያሉ፤ አንዱን ሲጫኑት ፎልደሩ እንደወትሮው ስለሚከፈት፣ ከጀርባ ቫይረሱ መነሣቱን ማንም አይጠረጥርም። ይኸው ፍላሽ ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ቢሰካ ሾርትከቱ የማይሠራ ፋይል ሆኖ ይቀራል። ሊኑክስ ፕሮግራሞችን በአብዛኛው ከራሱ ማከማቻ ማውረዱም ትልቅ ጥቅም ነው፤ ይሁን እንጂ እርሱም አይደፈርም ማለት አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ኤክስዜድ በተባለው የፋይል መጭመቂያ ፕሮግራም ውስጥ ሆን ተብሎ የተሰወረ የጀርባ በር (ሰርጎ መግቢያ) ተገኝቶበታልና። ማክም ጥሩ ነው፤ ዋጋው ግን ለጀማሪ ቢሮ ከባድ ነው።

ፒችትሪ የተባለውን የሂሳብ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ከሆነ ፕሮግራሙ የተሠራው ለዊንዶውስ ስለሆነ ፈቃድ ያለው ዊንዶውስ 11 ይግዙ፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ሠራተኞችዎ የአስተዳዳሪ ሥልጣን በሌለው አካውንት ይሥሩ፤ የሂሳብ መዝገቡም ቅጂ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ በሚቀመጥ ሃርድ ዲስክ ላይ ይኑር።