ምሳ ዕቃዋ እንደሄደ ይመለሳል

«ልጄ 15 ዓመቷ ነው። በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ነሐሴ ላይ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ተዛወርን። እዚያ ሳለች ጎበዝ ተማሪ ነበረች። እዚህ 9ኛ ክፍል ገባች። ከጥቅምት ወዲህ ሰኞ ሰኞ ጠዋት "ሆዴን አመመኝ" ትላለች። ክሊኒክ ወስጃት ታይፎይድም ጃርዲያም ታይቶ ምንም የለባትም አሉን። ምሳ ዕቃዋ እንደሄደ ይመለሳል። አባቷ "ቅብጠት ነው" ይላል፤ በዚህ ተኳርፈናል። ባለፈው አጥብቄ ስጠይቃት "እዚያ ትምህርት ቤት ማንም አያውቀኝም" አለችኝ። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ "መልሻትና እኔ ጋ ትማር" ትለኛለች። እኔም ብሆን እዚህ ሰው ገና አልለመድኩም። ልመልሳት?»
አንዲት እናት፣ ከደሴ

አብሽሩ እህቴ።

ከሆዷ እንጀምር። ክሊኒኩ ምንም አላገኘም ማለት ልጅቷ ዋሸች ማለት አይደለም። አንጀትና አእምሮ በነርቭ የተያያዙ ናቸው። ጭንቀት ሲበዛ ሆድ ይቆርጣል፣ ያቅለሸልሻል፣ ምግብ ይዘጋል። ሕመሙ ሰኞን መርጦ መምጣቱ አባቷን ማስመሰል ሳይመስላቸው አልቀረም። እኔ የሚታየኝ ግን ከሁለት ቀን ዕረፍት በኋላ ወደምትፈራው ቦታ የምትመለስ ልጅ ናት።

9ኛ ክፍል ለለመደውም ከባድ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። በየክፍለ ጊዜው ሌላ መምህር ይገባል፣ ይወጣል። ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል አንዷ ዝም ብትል ማንም ልብ አይላትም፤ እንዲያውም «ጨዋ» ትባላለች። ደግሞ አልጻፉልኝም እንጂ፣ በ2014 ጥቅምት ውስጥ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ይህች ልጅ 11 ዓመቷ ነበር። ያኔ ሸሽታችሁ ከነበረ ጓደኛን ሳይሰናበቱ መለየትን አንዴ ቀምሳዋለች። አሁን ሁለተኛዋ ነው።

«ማንም አያውቀኝም» ያለችው ነገር ለእኔ ከሆድ ቁርጠቱ ይበልጣል። እኔ ራሴ ከገጠር መጥቼ ከተማ 9ኛ ስገባ አንድ መምህር ዓመቱን ሙሉ «አንተ ሹራቡ» እያለ ነበር የሚጠራኝ። እናቴ የገዛችልኝ ቡናማ ሹራብ ነበረች። ክፍሉ ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ከዚያ ቤት መጥቼ ሹራቧን አልለብስም እላለሁ፤ እናቴ ደግሞ ብርዱን እያየች ግራ ይገባታል። ትምህርቱን ያላቋረጥኩት በቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ምክንያት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ስሜን ጠይቀው ያዙ። «ና እስቲ እነዚህን መደርደሪያ ላይ መልስልኝ» ይሉኝ ነበር። ሥራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ግን አንድ ቀን ብቀር የሚጠይቀኝ ሰው ነበረ።

ይህ የእኔ ወግ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ፣ ከ12 ሺህ በላይ የአሜሪካ ተማሪዎችን ያየ ጥናት አለ። ከወላጆቻቸውና ከትምህርት ቤታቸው ጋር እንደተሳሰሩ የሚሰማቸው ልጆች ለጭንቀት፣ ለጠብና ለሱስ የነበራቸው ተጋላጭነት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

ስለዚህ አሁኑኑ አይመልሷት። ኮምቦልቻ እኮ ሩቅ አይደለም፤ ቁልቁል ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቅዳሜ አክስቷ ጋ ትውረድ፣ የድሮ ጓደኞቿን ታግኝ፣ እሑድ ትመለስ። «የመጀመሪያው ሴሚስተር እስኪያልቅ እንሞክር፣ ካልሆነ አንቺም ባለሽበት እንወስናለን» በሏት። መውጫ እንዳላት የምታውቅ ልጅ ትንሽ ትተነፍሳለች።

ትምህርት ቤቱ ሲሄዱ ለወቀሳ አይሂዱ። የሆም ሩም መምህሯን ለብቻ ያግኙ። «ልጄ ጓደኛ የላትምና አደራ» አይበሉ፤ ይህ ክፍል ውስጥ ከተነገረ አበቃላት። አንድ ነገር ብቻ ይለምኑ፦ ሥራ ይስጧት። ደብተር መሰብሰብ ይሁን፣ ሚኒ ሚዲያ ላይ ዜና ማንበብ ይሁን፣ ቀይ መስቀል ክበብ ይሁን። «ሂጂና ጓደኛ ያዢ» የሚባል ምክር ትልቅ ሰውም አይችለውም። አብሮ የሚሠራ ሥራ ሲኖር ግን ወሬው ራሱ ይመጣል።

ቤት ውስጥ «ትምህርት እንዴት ነበር?» አይበሏት። መልሱ «ደህና» ነው፣ በሩ ተዘጋ። «ዛሬ ስምሽን የጠራ ሰው አለ?» ብለው ይሞክሩ። አባቷ ደግሞ ሰኞ ጠዋት እስከ ትምህርት ቤቱ በር አብረዋት በእግር ይሂዱ። ስለ ፈተና ሳያነሱ። ዝም ብለውም ቢሆን። ኩርፊያውን እሷ ፊት አታድርጉት፤ የሁለታችሁን ጠብ በራሷ ላይ ነው የምትቆጥረው።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። ደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ያለፏት ነገር አለች፦ «እኔም ሰው አልለመድኩም»። ለመሆኑ ከነሐሴ ወዲህ ጎረቤት ቡና ጠርተዋል? ወሎ ውስጥ ሆኖ ቡናን ለብቻ መጠጣት ጤና አይደለም፣ ልቆጣዎት ነው። አንድ እሑድ ያፍሉ። በሰፈሩ እዚያው ትምህርት ቤት የምትማር ልጅ አትጠፋም፤ እናቷን ይጥሩ፣ ልጅቷ ተከትላ ትመጣለች። ልጅዎም እናቷ ከአዲስ ሰው ጋር ስትግባባ ታያለች።

አንድ ነገር ግን ለብቻዋ አድርገው በግልጽ ይጠይቋት፦ መንገድ ላይ ወይ ግቢ ውስጥ የሚነካት፣ የሚያስፈራራት፣ በስልክ የሚሰድባት አለ? ካለ ትዕግሥት አያስፈልግም፤ በዚያው ቀን ለርዕሰ መምህሩ ይንገሩ። እንቅልፍ ካጣች፣ ቤትም መብላት ካቆመች ወይም «ባልኖር ይሻለኛል» የሚል ቃል ካወጣች ሴሚስተር አይጠብቁ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ወዳለበት ሆስፒታል ይውሰዷት።

ለጊዜው ምሳ ዕቃውን እንቀይረው። ፍርፍር ብቻዋን ለቆመች ልጅ አይመችም፤ እጅ ያቆሽሻል፣ መቀመጫ ይፈልጋል። ሰኞ ዳቦ ይቁረጡላት፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ። ለምን እንደበዛ ከጠየቀችዎት «እጄ አመለጠኝ» በሏት።