«ታኦይዝም» ወይስ «ዳኦ»?

ጥያቄ፦ ስለ ቻይና ጥንታዊ ፍልስፍናና ሃይማኖት ሳነብ አንዱ ጽሑፍ «ታኦይዝም»፣ ሌላው «ዳኦይዝም» ይላል። የትኛው ልክ ነው? ፍቺውስ ምንድን ነው? «የጥንት ቻይና ሳይንስ ማለት ታኦይዝም ነው» ሲባልም ሰምቻለሁ፤ ያስኬዳል?

መልስ፦ ቃሉ አንድ ነው። «ታ» የመጣው አውሮፓውያን ቻይንኛን ይጽፉበት ከነበረው አሮጌ ሥርዓት ሲሆን፣ ቻይና በ1958 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የላቲን አጻጻፍ ግን «ዳኦ» ይለዋል። ድምፁ ትንፋሽ ስለማያወጣ ለአማርኛ ጆሮም የሚቀርበው «ዳ» ነው። ስለዚህ «ዳኦ» ብለው ቢጽፉ እመርጣለሁ።

ፍቺው መንገድ፣ በግእዙ ፍኖት ነው። በጥንቱ ቻይንኛ ግን «መናገር» ማለትም ይሆናል። የዚህ ፍልስፍና ዋና መጽሐፍ የሆነው የዳኦ ደ ጂንግ መክፈቻ «ሊነገር የሚችል ዳኦ ዘላለማዊው ዳኦ አይደለም» ሲል፣ «ሊነገር» የተባለውም ራሱ «ዳኦ» ነው፤ የቅኔ ተማሪ ኅብር የሚለው ዓይነት ቃል መሆኑ ነው። በሰፊው የሚነበበው የቻይንኛ መጽሐፍ ቅዱስም «በመጀመሪያ ቃል ነበረ» በሚለው ላይ ለ«ቃል» ያስገባው ይህንኑ «ዳኦ»ን ነው። «መንገድ» ብቻ ብለን ብንተረጉመው ግማሹ ይቀርብናል።

ቻይናውያን ፍልስፍናውን ዳኦጂያ፣ ሃይማኖቱን ዳኦጂያኦ ብለው ይለያሉ። «ይዝም» የሚለው ቅጥያ ሁለቱን ስለሚያደባልቅ አልወደውም።

ሳይንስ ነው የሚለው አያስኬድም። ጥንታዊት ቻይና ዛሬ ሳይንስ ለምንለው አንድ የወል ስም አልነበራትም፤ የአሁኑ ቃሏ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከጃፓን የገባ ነው። የዘመን አቆጣጠርና የከዋክብት ቆጠራም የዳኦ ሰዎች ሳይሆን የቤተ መንግሥት ሹማምንት ሥራ ነበር።

ዝምድናው ግን እውነተኛ ነው። የዳኦ ሰዎች የማያስሞት መድኃኒት ፍለጋ ማዕድን ሲያቀልጡና ሲቀምሙ ኖረዋል። በ9ኛው መቶ ዘመን አካባቢ ድኝንና የባሩድ ጨውን (ፖታሲየም ናይትሬት) ከማር ጋር ያሞቁ ሰዎች እጃቸውና ፊታቸው እንደተቃጠለ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ አለ። ባሩድ በቻይንኛ እስከ ዛሬ «የእሳት መድኃኒት» ይባላል፤ ስሙ የት እንደተወለደ ይመሰክራል።

በ4ኛው መቶ ዘመን የዳኦ ሊቁ ጌ ሆንግ ለወባ ትኩሳት የአሪቲ ዘመድ የሆነ ቅጠል በውሃ ተነክሮ፣ ተጨምቆ እንዲጠጣ ጽፏል። ማፍላትን አላነሣም። ሳይንቲስቷ ቱ ዩዩ ሙቀት ኃይሉን እንደሚያጠፋው የጠረጠረችው ከዚህ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የወባ መድኃኒቱን አርቴሚሲኒንን ከቅጠሉ አግኝታ በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተጋራች። በጤና ጣቢያዎቻችን ለወባ የሚሰጠው ኮአርተም ውስጥ ያለው አርቴሜተር የሚሠራው ከዚሁ ነው።