ተማሪው ዝም ሲል፣ ወረቀቱ ሲበዛ፦ የመምህራን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ለዚህ እትም የመረጥናቸው አራት ደብዳቤዎች ከዩኒቨርሲቲ፣ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅና ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጡ ናቸው። ሁሉም የሚጠይቁት ግን ተቀራራቢ ነገር ነው፤ ሥልጠናውን ወስደናል፣ የምስክር ወረቀቱም አለን፣ ከዚህ በኋላ በምን እንሻሻል? እኛ እንደምናምነው መምህር የሚሻሻለው ተማሪዎቹ የት እንደሚሳሳቱ ቀርቦ ሲያይና በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ሲለውጥ ነው። መልሶቻችንም የሚነሡት ከዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ ለ90 ተማሪዎች ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። ስጠይቅ ከፊት ከሚቀመጡት ሁለት ሦስት ተማሪዎች በስተቀር የሚመልስ የለም። «ገብቷችኋል?» ስላቸው «አዎ» ይላሉ፤ የሚድ ውጤት ሲመጣ ግን እንዳልገባቸው አያለሁ። ምን ላድርግ?
መምህር፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ «ገብቷችኋል?» የሚለውን ጥያቄ ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። በ90 ሰው ፊት «አልገባኝም» ብሎ እጁን የሚያወጣ ጥቂት ነው፤ ያልገባው ተማሪም ብዙ ጊዜ እንዳልገባው አያውቅም።

ቀጥሎ ከጠየቁ በኋላ ምን ያህል እንደሚጠብቁ ይለኩ። አሜሪካዊቷ የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው መምህራን ከጠየቁ በኋላ በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ፣ ጥበቃው ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም ደግሞ የተማሪዎቹ መልስ እንደሚረዝምና መልስ የማይሰጠውም እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ሰሌዳ ፊት ለቆመ ሰው 3 ሰከንድ ረጅም ነው። ስለዚህ በግምት አይመኑ፤ ስልክዎን ኪስዎ ውስጥ አድርገው የክፍለ ጊዜውን 15 ደቂቃ ድምፅ ይቅረጹና ማታ እያዳመጡ ስንት ጥያቄ እንደጠየቁ፣ ስንቱን ራስዎ እንደመለሱት ይቁጠሩ።

ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ግን ከጥያቄው አሠራር ነው። የሃርቫርድ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያዳበሩት ዘዴ ለብዙ ተማሪ ክፍል ይሆናል። ለአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት የምርጫ ጥያቄ ያዘጋጁ፤ በስሌት ሳይሆን በመረዳት የሚመለሱ ይሁኑ። ለምሳሌ፦ የአምስት ሠራተኞች ደመወዝ 5፣ 6፣ 7፣ 8 እና 74 ሺህ ብር ነው። 74 ሺሁ ወደ 100 ሺህ ቢያድግ የሚለወጠው የትኛው ነው? ሀ) ሚኑ (አማካዩ) ብቻ፣ ለ) ሚዲያኑ (በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መካከል ላይ ያለው ቁጥር) ብቻ፣ ሐ) ሁለቱም፣ መ) አንዳቸውም። ተማሪዎቹ አንድ ደቂቃ ብቻቸውን ያስቡና መልሳቸውን ይጻፉ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ በጣት ያሳዩ፤ አንድ ጣት ሀ፣ ሁለት ጣት ለ እያለ ይቀጥላል። ጣታቸውን ደረታቸው ላይ ይያዙ፤ ከኋላ ያለው አይቶ እንዳይኮርጅ ነው።

በትክክል የመለሱት ከ30 በመቶ በታች ከሆኑ እንደገና ያስረዱ። ከ70 በመቶ በላይ ከሆኑ በአጭሩ አብራርተው ይለፉ። ዋናው ሥራ ያለው በመካከል ሲሆን ነው፤ መልሱን ሳይናገሩ «ከእናንተ የተለየ መልስ ያለውን ጎረቤታችሁን አሳምኑ» ብለው 2 ወይም 3 ደቂቃ ይስጡና እንደገና ጣት ያሳዩ። ትናንት የገባው ተማሪ ገና ያልገባውን ጓደኛውን የት ላይ እንደተያዘ ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል።

ይህ ዘዴ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መምህሩ ከመጀመሪያው ቆጠራ በኋላ በፊቱ ወይም በንግግሩ መልሱን ሲያሳብቅ ነው፤ ያኔ የሚከራከር የለም። ሌላው ደግሞ የተሳሳቱት ምርጫዎች ቦታ ለመሙላት ብቻ ሲገቡ ነው። ከላይ ባለው ጥያቄ ሐን የመረጠ ተማሪ ማንኛውም ቁጥር ሲለወጥ ሚዲያኑም ይለወጣል ብሎ ያስባል፤ ስለዚህ ምን ማስተማር እንዳለብዎት ስሕተቱ ራሱ ይነግርዎታል። እንዲህ ያሉ ምርጫዎች የሚገኙት ካለፉት ዓመታት የፈተና ወረቀቶች ነው፤ አይጣሏቸው።

ጥያቄ፦ የብየዳ አሠልጣኝ ነኝ። 24 ሠልጣኞችና 4 ማሽኖች አሉኝ። ደጋግሜ አሳያቸዋለሁ፤ ራሳቸው ሲይዙት ግን ኤሌክትሮዱ (እየነደደ የሚበይደው ዘንግ) ብረቱ ላይ ይጣበቅባቸዋል። የማሳይበት መንገድ ነው ችግሩ?
አሠልጣኝ፣ ከደሴ

መልስ፦ አዎ፣ በአብዛኛው የማሳያው መንገድ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ለፋብሪካ አሠልጣኞች የተዘጋጀው ዘዴ አራት ደረጃ ነበረው፤ ማዘጋጀት፣ ማሳየት፣ ማሠራት፣ መከታተል። ብዙ አሠልጣኝ ካሳየ በኋላ ሦስተኛውን ዘልሎ ሠልጣኙን ለብቻው ይተወዋል።

አቋቋማቸውን ያስተካክሉ። ፊት ለፊትዎ የቆመ ሠልጣኝ የእጅዎን እንቅስቃሴ የሚያየው ተገልብጦ ነው። ማስክ አድርገው ከጎንዎና ከትከሻዎ ኋላ ይቁሙ፤ ከስድስት ሰው በላይ ደግሞ በአንድ ጊዜ በደንብ ማየት አይችልም።

ጀማሪን የሚከብደው ሁለት እንቅስቃሴ በአንድ ጊዜ መሥራቱ ነው። ኤሌክትሮዱ እየነደደ ስለሚያጥር እጅ በመስመሩ ላይ ሲጓዝ ቀስ እያለ ወደ ታችም መውረድ አለበት። የእርስዎ እጅ ይህን ስለለመደው ሳይናገሩት ያልፉታል። ሠልጣኙ እጁን በአንድ ከፍታ ይዞ ይጎትታል፤ አርኩ፣ ማለትም በኤሌክትሮዱ ጫፍና በብረቱ መካከል ያለው የኤሌክትሪክ እሳት፣ ይረዝማል፣ ፍንጣሪው ይበዛል፣ እሳቱ ይጠፋል። ደንግጦ ሲያስጠጋው ይጣበቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሳይናገሩ በተለመደው ፍጥነት አንድ መስመር ይበይዱ። ቀጥሎ ማሽኑን አጥፍተው እያንዳንዱን እርምጃ በዝግታ እየተናገሩ ያሳዩ፤ በሦስተኛው ዙር ምክንያቱን ይጨምሩበት። የአርኩ ርዝመት ከኤሌክትሮዱ የብረት ዘንግ ውፍረት ጋር ይቀራረባል፤ በ3.2 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ 3 ሚሊሜትር ያህል ነው። ኤሌክትሮዱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያዘነብላል። አምፔሩ (የኤሌክትሪኩ መጠን) እሽጉ ላይ በተጻፈው ክልል ውስጥ ይሁን፤ 6013 ለሚባለው 3.2 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ ብዙ ጊዜ ከ90 እስከ 130 ነው። ከዚያ ሠልጣኙ ማሽኑ እንደጠፋ በ10 ሴንቲሜትር የጠመኔ መስመር ላይ እርምጃዎቹን ጮክ ብሎ እየተናገረ ይለማመድ። መናገር ካልቻለ ማሽኑ አይበራም።

በየማሽኑ ያሉትን ስድስቱን ሥራ ያስይዟቸው። አንዱ ይበይዳል፤ ሌላው በማስክ እያየ አርኩን፣ ዝንባሌውን፣ ፍጥነቱንና አምፔሩን በወረቀት ላይ ምልክት ያደርጋል። ሁለቱ ብረት ይቆርጣሉ፣ ያጸዳሉ። ሁለቱ ደግሞ ከቀዘቀዘው ብየዳ ላይ ስላጉን (የሸፈነውን ቅርፊት) አውርደው እርስዎ ካዘጋጁት ናሙና ጋር ያስተያያሉ። ሲፈራረቁ ሁሉም የሌላውን ስሕተት በዓይኑ ያያል። ሳምንቱ ሲያልቅ እነዚያን የምልክት ወረቀቶች ይሰብስቡ፤ ከ24ቱ 15ቱ የሚሳሳቱት ዝንባሌው ላይ ከሆነ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ማሳየት ያለብዎት እሱን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ኤች ዲ ፒ የሚባለውን የከፍተኛ ትምህርት መምህራን የማስተማር ሥልጠና ጨርሻለሁ። ተማሪዎች በሴሚስተሩ መጨረሻ የሚሞሉልኝ ግምገማ ነጥብ ብቻ ይነግረኛል፤ ምን እንደማሻሽል አይነግረኝም። ባልደረባዬ ክፍሌ ገብቶ ቢያየኝ እወዳለሁ፤ ግን ሁለታችንም እንፈራለን።
መምህርት፣ ከጅማ

መልስ፦ የመጨረሻው ሳምንት ለእነዚያ ተማሪዎች ዘግይቷል። በ5ኛው ወይም በ6ኛው ሳምንት 10 ደቂቃ ወስደው ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ለመማር የሚረዳችሁ ምንድን ነው? የሚያስቸግራችሁስ? ምን ቢለወጥ ትፈልጋላችሁ? የእጅ ጽሑፋቸው እንዳይታወቅ የሚፈሩ ከሆነ አራት አራት ሆነው ተነጋግረው በአንድ ወረቀት ይጻፉ፤ የክፍሉ ተወካይ ሰብስቦ ይስጥዎት። ወረቀቶቹን አሁን መለወጥ የሚችሉት፣ ለሚቀጥለው ሴሚስተር የሚቆይና ከእጅዎ ውጭ የሆነ ብለው ይለዩዋቸው። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ምን እንደሚለውጡ፣ ምን እንደማይለውጡና ለምን እንደሆነ ይንገሯቸው። ይህን ከዘለሉት በሚቀጥለው ጊዜ የሚጽፍልዎት የለም።

ስለ ባልደረባዎ፣ ፍርሃታችሁ ይገባናል። በመሥሪያ ቤቶቻችን «ግምገማ» ሲባል ሰው የሚያስበው ነጥብና ወቀሳ ነው። ስለዚህ ቅጽ አይኑር፣ ነጥብ አይኑር፣ ለትምህርት ክፍሉም ሪፖርት አይሂድ። ከክፍሉ በፊት 15 ደቂቃ ተገናኙና አንድ ጥያቄ ብቻ ይስጡት፤ ለምሳሌ «የቡድን ሥራ ስሰጥ የማይሠሩት እነማን ናቸው?» እሱ ከኋላ ሳይሆን የተማሪዎቹ ፊት ከሚታይበት ጎን ይቀመጥ። በየ5 ደቂቃው ሰዓቱን፣ እርስዎ የሚያደርጉትንና ተማሪዎቹ የሚያደርጉትን በሦስት ዓምድ ይጻፍ። «4፡20፣ መመሪያ በቃል ተሰጠ፣ በመስኮቱ በኩል ያሉ ሁለት ቡድኖች ምን እንደሚሠሩ እርስ በርስ እየተጠያየቁ ነው» ብሎ ይጻፍ፤ «መመሪያው ግልጽ አይደለም» አይበል። የመጀመሪያው የታየ ነገር ነው፤ ሁለተኛው ፍርድ ነው፣ ሰውም ፍርድ ሲሰማ መከላከል ይጀምራል። በማግሥቱ ሳይዘገይ ተገናኙ፤ መጀመሪያ የሚናገሩት እርስዎ ይሁኑ። ለሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት አንድ ለውጥ መርጠው ይለያዩ፤ ከዚያ ተራው የእሱ ነው።

ጥያቄ፦ በዓመት 60 ሰዓት ተሙማ (ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ) እንሠራለን፣ ፖርትፎሊዮ እንሞላለን። ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ ማኅደሩ የተሟላ ነው፤ ክፍሌ ውስጥ ግን የተለወጠ ነገር አላይም።
የ7ኛ ክፍል ሒሳብ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ዕቅዱ «የማስተማር ዘዴን ማሻሻል» ተብሎ ከተጻፈ 60 ሰዓቱ የሚያርፍበት የለውም። ከደብተር እርማት ላይ አንድ ስሕተት ይምረጡና ከሰዓቱ 10 ወይም 12 ያህሉን እሱ ላይ ያውሉ።

1/2 + 1/3 ስንት ነው? ብለው በቁራጭ ወረቀት ያሠሩና ወረቀቶቹን እንደ ስሕተቱ ዓይነት ይከምሩ። አንዱ ክምር 2/5 የሚል ይሆናል፤ ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ የደመሩ ናቸው። ሌላው 2/6 ይላል፤ ታሕቱን አንድ አድርገው ላዕሉን መለወጥ የረሱ ናቸው። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ማብራሪያ መስጠት ነው ትምህርቱን የሚያባክነው። ለመጀመሪያዎቹ ሕጉን ከመድገም በፊት «2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብለው ይጠይቁ፤ በግማሽ ላይ ጨምረን እንዴት ከግማሽ ያነሰ አገኘን? ሁለት እኩል ወረቀት አጥፈው ያስተያዩ። ሁለተኛዎቹ ሐሳቡን ይዘዋል፤ 1/2 እና 3/6 እኩል መሆናቸውን በሥዕል ካዩ አምስት ጥያቄ ይበቃቸዋል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቁጥሩን ለውጠው፣ ለምሳሌ 1/4 + 2/3፣ ሳያስጠነቅቁ እንደገና ያሠሩ። በማግሥቱ ካሠሩ የሚያገኙት ትናንት የሰሙትን ነው። የሁለቱን ጊዜ ክምሮች ቆጥረው ወረቀቶቹን ራሳቸውን ፖርትፎሊዮው ውስጥ ያስገቡ፤ አሁንም ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ በሚደምሩት ክምር ውስጥ ለቀሩት ተማሪዎች ምን እንደሚያደርጉም ከጎኑ ይጻፉ።