አንባቢ ይጠይቃል፦ በሌንስ ውስጥ የተቀበረ ፊልም ለምን አረፋ ያወጣል? ለምንስ ይላቀቃል?

ጥያቄ፦ በሲአር-39 ሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ፈስሶ በምድጃ የሚጠጥር የመነጽር ፕላስቲክ) ፖላራይዝድ ሌንስ፣ ማለትም ነጸብራቅ የሚከለክል ፊልም በውስጡ የያዘ ሌንስ፣ በሚያመርት ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ከምድጃ ከሚወጡት ሌንሶች ብዙዎቹ ፊልሙ ላይ ጥቃቅን አረፋ ይታይባቸዋል። ሌሎቹ ደግሞ ያማሩ መስለው ይወጡና ጠርዛቸው ሲሞረድ ፊልሙ ይላቀቃል። ጥፋቱ የሬዚኑ ነው የፊልሙ?
(ውጭ አገር የሚኖሩ አንባቢ)

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ በፊት አረፋው የት እንዳለ በማጉያ ይመልከቱ። በሌንሱ ውፍረት ሁሉ ተበትኖ ከሆነ ጥፋቱ የሬዚኑ ነው፤ አየሩ በቫኪዩም በደንብ አልወጣለትም፣ ወይም ምድጃው ቶሎ ሞቋል። ፊልሙ ላይ ብቻ ተለጥፎ ከሆነ ግን ሬዚኑን አይውቀሱ። ፊልሙ ውኃ ይዞ ገብቷል፣ አለዚያም ሬዚኑ ሲፈስ አየር ታፍኗል።

ፊልሙ የተሠራበት ፒቪኤ (ፖሊቪኒል አልኮል) ውኃ ወዳድ ፕላስቲክ ነው። ጠፍጣፋውን ፊልም የሌንሱን ኩርባ ለማስያዝ ብዙ ማምረቻዎች በእርጥበት ያለሰልሱታል፤ ከዚያ በሙቀትና በቫኪዩም ቅርጽ ያስይዙታል። ውኃው እዚህ ላይ ሆን ተብሎ የገባ ነውና ቀጥሎ ሆን ተብሎ መውጣት አለበት። ፊልሙ ለብ ባለ ደረቅ አየር ውስጥ ለሰዓታት ይቆይ። መድረቁን በእጅ ዳስሶ ማወቅ አይቻልም፤ ሚሊግራም በሚለይ ሚዛን ደጋግመው ይመዝኑት፣ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው። ከዚያ ሲሊካ ጄል ባለበት የተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ወደ ሞልዱ (የሌንሱ ቅርጽ ማውጫ) የሚገባው ሬዚኑ ሊፈስ ሲል ነው። ደርቆ ጠረጴዛ ላይ ያደረ ፊልም ከአየሩ እርጥበት መልሶ ስለሚጠጣ እንዳልደረቀ ይቆጠራል።

ወደ አፈሳሱ እንምጣ። ፊልሙ የፊትና የኋላ ሞልዶችን ዙሪያቸውን በሚይዘው ቀለበት፣ በጋስኬቱ፣ ተይዞ ከፊት ለፊቱ የብርጭቆ ሞልድ ጀርባ ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙም ሳይርቅ ይቀመጣል። የኋላው ፊት በኋላ ለታማሚው መለኪያ ስለሚፋቅ ፊልሙ ወደ ኋላ ከሸሸ መፋቂያው ያገኘዋል። ይህ ጠባብ ክፍተት ነው አየር የሚያፍነው። ሞልዱን ያዘንብሉት፤ ሬዚኑ ከዝቅተኛው ጠርዝ በዝግታ ይግባና አየሩ በላይኛው ይውጣ። ሬዚኑ ከፊልሙ ፊትም ከኋላውም እኩል ከፍታ እየያዘ ካልወጣ አንዱ ወገን ፊልሙን ይገፋዋል፣ ኩርባውም ይበላሻል።

ኩርባውን በቁጥር ያረጋግጡ። በሙያው ልማድ 530ን በቤዝ ከርቭ (የሌንሱ ፊት ኩርባ በሚጠራበት ቁጥር) ሲያካፍሉ የኩርባው ራዲየስ በሚሊሜትር ይገኛል፤ ቤዝ 6 ከሆነ 88.3፣ ቤዝ 4 ከሆነ 132.5 ነው። ለቤዝ 4 የተቀረጸ ፊልም ቤዝ 6 ሞልድ ውስጥ ቢገባ መሐሉ ወይም ጠርዙ ሞልዱን ይነካል። ፊልሙ ቀጭንና ሁለት ፊቱ ትይዩ በመሆኑ በራሱ የሌንስ ኃይል የለውም። ተወጥሮ ወይም ተጨማዶ ከተቀመጠ ግን ከፊቱ ያለውን ስስ የሬዚን ንጣፍ እኩል እንዳይኮማተር ይይዘዋል፤ ተጠቃሚውም ሞገድ ያለበት ምስል ያያል።

መላቀቁ ሌላ ታሪክ አለው። ሲአር-39 ሲጠጥር መጠኑ በ14 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ፊልሙ ደግሞ ሬዚኑን ለሁለት ከፍሎታል፤ ከፊቱ ስስ ንጣፍ አለ፣ ከኋላው ብዙ ሚሊሜትር የሚሆን ውፍረት። ሁለቱ እኩል አይኮማተሩም፣ ጉተቱም ፊልሙ ላይ ያርፋል። ጋስኬቱ ግትር ሆኖ ሞልዶቹ እንዲቀራረቡ ካልፈቀደ ሬዚኑ ደካማውን ቦታ ፈልጎ ይለቃል፤ ያ ቦታ አንዳንዴ ሞልዱ ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን ፊልሙ ነው። ስለዚህ የሚታጠፍ ጋስኬት ይጠቀሙ፣ ምድጃውንም አያጣድፉ። በአይፒፒ (ሬዚኑን በሚያጠጥረው ፔሮክሳይድ) የሚጠጥር ሲአር-39 ከ40 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ብሎ ይጀምርና አብዛኛውን ሰዓት በዝግታ እየወጣ መጨረሻ ላይ 80 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ ጠቅላላው ከ15 እስከ 20 ሰዓት ይወስዳል። ሰዓት ለማትረፍ መጀመሪያውን ማሳጠር የሚያስከትለው ኪሳራ ከትርፉ ይበልጣል። ከሞልድ የወጣውን ሌንስ እንደገና አሙቆ በዝግታ ማቀዝቀዝ የቀረውን ውጥረት ያላላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሲአር-39 በባሕርዩ ከፒቪኤ ጋር በኬሚካል አይያያዝም። ፊልሙ ፊቱ በማጣበቂያ ንጣፍ ወይም በፕላዝማ ካልተዘጋጀ የያዘ ይመስላል እንጂ አልያዘም። የ1.60 ቲዮዩሬቴን ሬዚን (ቁጥሩ የብርሃን መስበሪያ መጠኑ ነው) በዚህ ይሻላል፤ ውስጡ ያለው አይሶሳይኔት የተባለ ኬሚካል ከፒቪኤው ጋር ይያያዛል። ይኸው አይሶሳይኔት ግን ውኃ ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። በዚህ ሬዚን ያልደረቀ ፊልም አረፋ ማውጣቱ አይቀርም። ከእያንዳንዱ ዙር አንድ ሌንስ ሞርደው ሙቅ ውኃ ውስጥ ያቆዩና በምላጭ ጫፍ የፊልሙን መስመር ይሞክሩ፤ ከተላቀቀ ያ ዙር አይላክ።

አንድ ማሳሰቢያ አለን። ንጹሕ አይፒፒ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች መቀመጥ አለበት፤ ሲሞቅ በራሱ ጊዜ ፈርሶ ሊቀጣጠልና ሊፈነዳ ይችላል። ማቀዝቀዣው መብራት ሲጠፋ የሚያስጠነቅቅ ደወልና መጠባበቂያ ኃይል ከሌለው ሥራው አይጀመር።

ጥያቄ፦ የመነጽር ቤት አለኝ። ፖላራይዝድ ሌንስ ለሪምለስ (ዙሪያ ጠርዝ ለሌለው) ፍሬም ስበሳ ለሁለት ይሰነጠቅብኛል።
(ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሲአር-39 ፖላራይዝድ ለሪምለስ አይመከርም፤ ደንበኛው ሪምለስ ካለ የ1.60 ሌንስ ያዙለት። ሙሉ ፍሬም ከሆነ በውኃ እያቀዘቀዙ፣ ግፊቱን ቀንሰው ይሞርዱ። ሌንሱን በናይለን ክር ለሚይዝ ግማሽ ፍሬም የሚቆፈረው መስመር ፊልሙ ላይ እንዳያርፍ ወደ ኋላ ይግፉት። ሌንሱ ውስጡ እያለ ፍሬሙን አያሙቁ፤ ሙቅ የአልትራሳውንድ ማጠቢያ ውስጥም አይክተቱት። ሌላው ነገር አክሲሱ፣ ማለትም የፊልሙ አቅጣጫ፣ ነው። ሌንሱ ላይ ያለው የ180 ምልክት ከአግድሙ ከ3 ዲግሪ በላይ መዛባት የለበትም። ሲሊንደር (የአስቲግማቲዝም ማረሚያ) ያለው መለኪያ ከሆነ ሲሊንደሩ የሚፋቀው ከዚያ ምልክት ተነሥቶ ነው፤ በኋላ መሞረጃው ላይ ሌንሱን አዙሮ ማስተካከል አይቻልም።

ጥያቄ፦ ጣና ላይ ጀልባ እነዳለሁ። «ፖላራይዝድ» ተብሎ የተሸጠልኝ እውነተኛ መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?
(ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሐይቁ ሲያበራ መነጽሩን አድርገው ውኃውን ይመልከቱና ራስዎን ወደ ትከሻዎ ያዘንብሉ። እውነተኛ ከሆነ ነጸብራቁ ራስዎ ቀና ሲል ይጠፋል፣ ሲያዘነብሉ ተመልሶ ይመጣል። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ነጸብራቁ ከቀጥታ ቁልቁል 53 ዲግሪ ያህል ተዛብቶ ሲመጣ ነው፤ ስለዚህ ከእግርዎ ሥር ያለውን ሳይሆን ፈንጠር ያለውን ውኃ ይመልከቱ። የጨለመ ቀለም ብቻ ያለው ሌንስ በየትኛውም አቅጣጫ ያው ነው።