ጓንት ስትገዙ፦ ለንቅሳት ሠሪ ልጆቼ

ሰሞኑን ፒያሳ ንቅሳት ቤት የከፈተ የጎረቤቴ ልጅ መንገድ ላይ አስቆመኝ። «ሲስተር፣ እስቲ ይንገሩኝ፤ የትኛውን ጓንት ልግዛ? ነጩ ዋጋው ይረክሳል፣ ጥቁሩ ግን ያምራል» አለኝ። ናይትራይል የሚለውን፣ ከሰው ሠራሽ ጎማ የተሠራውን ግዛ ብዬው አለፍኩ። ማታ ግን አንዲት የድሮ ባልደረባዬ ትዝ ብላኝ እንቅልፍ አጣሁ።

ያኔ ሁለታችንም ጀማሪ ነርሶች ነበርን። ጓንት እንደ ዛሬው አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ዕቃ አልነበረም። ከማዋለጃ ክፍል የወጣው ይታጠባል። ውኃ ተሞልቶ የተቀደደ እንደሆነ ይታያል። ገመድ ላይ ይሰቀላል። ሲደርቅ ዱቄት ይነሰነስበትና በእንፋሎት ይቀቀላል። ዱቄቱን የምትነሰንሰው እሷ ነበረች። ማታ ማታ በጣቶቿ መሃል ይቀላል፣ ያብጣል፤ ስታክ ታድራለች። እየቆየ ዓይኗ ያለቅስ፣ ደረቷን ያፍናት ጀመር። አለቆቻችን «ሥራ ጠልታ ነው» አሉ። አንዳንዱ ሳሙናው ነው አለ። እናቷ ጠበል ወሰደቻት። እዚያ ስትሰነብት ይሻላታል፤ ሥራ ስትገባ ይመለስባታል። ነገሩን ከጓንቱ ጋር ያገናኘው ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ጋውኗን አጥባ፣ ተኩሳ አስረከበችና ወደ አገሯ ደብረ ታቦር ገባች።

ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ሥልጠና ላይ ስለ ላቴክስ አለርጂ አስተማሩን። ያኔ ጓንታችን የተሠራበት ላቴክስ የሚገኘው ከጎማ ዛፍ ወተት ነው። ውስጡ ያለው ፕሮቲን የማይስማማው ሰው አለ። ዱቄቱ ደግሞ ያንን ፕሮቲን ተሸክሞ አየር ላይ ይበተናል፤ በትንፋሽ ይገባል። አሜሪካ ዱቄት ያለበትን የሕክምና ጓንት እ.ኤ.አ. በ2017 ስታግድ አንዱ ምክንያቷ ይኸው ነበር። የዚያን ቀን ላገኛት ፈለግኩ፤ ያለችበትን የሚያውቅ ጠፋ። ሰነፍ እንዳልነበረች የነገራት ሰው የለም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ናይትራይል ያልኩት ለዚህ ነው፤ ላቴክስ የለበትም። ደግሞም እናንተ ስትነቅሱ ቫዝሊን ትቀባላችሁ። ቫዝሊን ላቴክስን ያላላዋል፤ ሳታዩት ይቀደዳል። ናይትራይል ቅባት ይችላል። ቪኒል የሚባለው የፕላስቲክ ጓንት ርካሽ ቢሆንም እጅ ላይ ይሰፋል፣ ቶሎ ይቀደዳል፤ ለንቅሳት አይሆንም። ጥቁሩ ቀለም ቢነካውም አያሳጣም፣ እውነት ነው። ደምም ግን አያሳይም። እኔ ሰማያዊውን እመርጣለሁ። ዱቄት የሌለው፣ በልካችሁ የሆነ ይሁን። የጠበበ ጓንት ጣት ያደነዝዛል።

ክንድ ላይ አንበሳ ማስነቀስ ለእኔ ብዙም አይጥመኝም። የእናቴ የአንገት ንቅሳት ግን እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ እንደ ድሪ አንገቷን የከበበ። ከዚያ የሚያምር ጌጥ አላየሁም። የተሠራው በመርፌና በጥላሸት ነው። በዚያችው መርፌ ስንት ሴት እንደተነቀሰች እግዜር ይወቀው።

እጅ ታጠቡ ብዬ አልመክርም፤ ታውቁታላችሁ። የሚያናድደኝ ስልኩ ነው። የዛሬ ልጆች ስልክ ሲጠራ አያስችላችሁም። በጓንት ስልክ ከነካችሁ ያ ጓንት አበቃለት፤ አውልቃችሁ ጣሉት። በአልኮል ጠርጎ መቀጠል የለም፤ አልኮል ጓንቱን ያዳክመዋል። ደንበኛችሁንም ጠይቁ፤ ፊኛ ሲነፋ ከንፈሩ የሚያብጥ ከሆነ ላቴክስ ያለበት ነገር አታስነኩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ጓንት መርፌ አያቆምም። የጉበት ቫይረስ ቢ ደረቅ ጠረጴዛ ላይ እንኳ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ክትባት አለው፤ ሦስት ጊዜ ነው የሚወሰደው፦ የመጀመሪያው፣ ከወር በኋላ፣ ከዚያ በ6ኛው ወር። መጀመሪያ ተመርመሩ። ነጻ ከሆናችሁ ማሽኑን ከማንሳታችሁ በፊት መከተብ ጀምሩ።