በሁለት መስመር መካከል ምን ሊገባ ይችላል?

ወጣት ፕሮግራመሮች ሲያገኙኝ ደጋግመው የሚያነሱት ነገር አለ። «ጋሼ፣ ኤአይ ኮድ በሚጽፍበት ዘመን ከርነልና አሴምብሊ መማር ምን ይጠቅመኛል? ደግሞስ እዚህ አገር በዚህ ሙያ ማን ይቀጥረኛል?»

ከሁለተኛው ልጀምር። በከርነል (በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ሥራ የሚቀጥር ድርጅት እዚህ እንደልብ አይገኝም። ላባብላችሁ አልፈልግም። እኔ ግን ተማሩት የምለው ለቅጥር ብዬ አይደለም። ፕሮሰሰሩን በቀጥታ የሚያዙት፣ በአሴምብሊ (በፕሮሰሰሩ የራሱ ትእዛዞች) የሚጻፉት የከርነል ሩቲኖች አጫጭር ናቸው፤ አንዳንዶቹ ሁለት ትእዛዝ ብቻ ናቸው። እነሱ በደንብ የገቡት ሰው ግን ከዚያ በኋላ የማንንም ኮድ ሲያነብ አንድ ጥያቄ አይለቀውም፦ በዚህ መስመርና በሚቀጥለው መካከል ምን ሊገባ ይችላል?

አንዱን ቀረብ ብለን እንየው።

ሊኑክስ በኢንቴል ማሽን ላይ ሥራ ሲያጣ ፕሮሰሰሩን ሊያስተኛው ይችላል። የጥንቱና ቀላሉ መንገድ ኤችኤልቲ የተባለው ትእዛዝ ነው። ኪቦርድ ሲነካ፣ ኔትወርክ ካርዱ ዳታ ሲደርሰው ወይም ታይመሩ ሲሞላ ኢንተረፕት፣ ማለትም «የያዝከውን ትተህ ይህን ተመልከት» የሚል ምልክት፣ ይመጣና ፕሮሰሰሩ ይነቃል። ሲያዩት ቀላል ነው። ሥራ አለ? የለም። በቃ ተኛ።

ጣጣው «የለም» በሚለውና በሚተኛው መካከል ነው። ልክ እዚያ ላይ ኢንተረፕት መጣ እንበል። ከርነሉ ይቀበለዋል፣ የሚሠራ ነገር እንዳለ ምልክት ያደርጋል፣ ከዚያ ወደነበረበት ይመለሳል። የነበረበት ደግሞ ሊተኛ ሲል ነው። ስለዚህ ይተኛል፤ ሥራው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በሩን አይቶ «ማንም የለም» ብሎ ፊቱን ባዞረባት ቅጽበት እንግዳ የደረሰበት ዘበኛ በሉት። ሲስተሙ አይሞትም። ሌላ ኢንተረፕት እስኪቀሰቅሰው ይዘገያል፣ ያውም አልፎ አልፎ። ሰው የሚያሳብደው ደግሞ እንዲህ ያለው ችግር ነው። ሲፈልጉት ይጠፋል።

እሺ፣ ሥራ መኖሩን ከማየታችን በፊት ኢንተረፕትን እንዝጋ። ሲኤልአይ የምትባለው ትእዛዝ ለዚህ ናት። ነገር ግን ዘግቶ የተኛን ፕሮሰሰር ተራ ኢንተረፕት አይቀሰቅሰውም። ስለዚህ ሥራ አለመኖሩን ካረጋገጥን በኋላ በኤስቲአይ እንክፈትና እንተኛ። ታዲያ በከፈትንበትና በተኛንበት መካከልስ? ያው ክፍተት ተመልሶ መጣ።

እዚህ ላይ ኢንቴል አንድ ነገር አስቦበታል። ኢንተረፕት ተዘግቶ ከነበረ ኤስቲአይ ወዲያው አትከፍተውም። ከእሷ ቀጥላ ያለችው ትእዛዝ ካለፈች በኋላ ነው የሚከፈተው። ስለዚህ ኤስቲአይና ኤችኤልቲ ተከታትለው ከተጻፉ በመካከላቸው የሚገባ ኢንተረፕት የለም። ሲጠብቅ የቆየ ካለ ፕሮሰሰሩ እንደተኛ ወዲያው ያነቃዋል። እያንዳንዳቸው አንድ ባይት ናቸው፤ መፍትሄው ሁለት ባይት ሆነ ማለት ነው። አሁን አንድ የዋህ ሰው፣ ወይም ኤአዩ፣ በሁለቱ መካከል ሌላ ትእዛዝ ቢሰካ ኮዱ ኮምፓይል ያደርጋል፣ ቴስቱንም ሊያልፍ ይችላል። ያንን መስመር አይቶ «ተው!» የሚል ሰው ነው የሚያስፈልገው። በአርም ፕሮሰሰር ደግሞ ጨዋታው ሌላ ነው። እዚያ የመጠበቂያዋ ትእዛዝ ኢንተረፕት ተዘግቶም ትነቃለች፤ ይህ ሁሉ ዘዴ አያስፈልግም።

ይህ ከርነል ውስጥ ብቻ የሚቀር አይደለም። ሂሳብ አይቶ ገንዘብ የሚቀንስ አፕሊኬሽን ስትሠሩ፣ «ቀሪ አለው» ባለበትና በቀነሰበት መካከል ሁለተኛ ጥያቄ ቢገባስ? ችግሩ ያው ነው። ልዩነቱ እዚህኛው ገንዘብ ያስከፍላል።

እንዲህ ያለው ነገር የሚገኘው ማኑዋል ውስጥ ነው። የኢንቴል ማኑዋል ከ4,000 ገጽ በላይ ነው፤ ሁሉንም አንብቡ የሚላችሁ ሰው እሱም አላነበበውም። የምትጠቀሙበትን ትእዛዝ ገጽ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡ። በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ዊንዶውስ፣ ሊኑክስ፣ ማክና ፍሪቢኤስዲ በአንድ ላይ አስቸኳይ ማስተካከያ አወጡ። ምክንያቱ የኤስቲአይ ዘመድ የሆነ ሌላ መዘግየት ነው። የስታክ ሴግመንቱን ሬጂስተር (ሬጂስተር ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽ የዳታ ማስቀመጫ ነው) የሚቀይሩት ትእዛዞች ለስህተት ፍለጋ የሚያገለግለውን የዲበግ ማቋረጥ አንድ ትእዛዝ ያዘገያሉ። ያ ቀጣይ ትእዛዝ ወደ ከርነል የሚያስገባ ከሆነ ማቋረጡ የሚደርሰው ከርነሉ ባልጠበቀው ቦታ ላይ ነው። ማኑዋሉ በበቂ ሁኔታ ግልጽ አልነበረም፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት መንገድ ተሳስተው ተረዱት። እነዚያ ሁሉ ጎበዞች!

ስለዚህ አልገባኝም ማለት አያሳፍርም። በ1975 እ.ኤ.አ. በወጣው ስድስተኛው የዩኒክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እትም፣ ከአንዱ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ካለ ፕሮግራም) ወደ ሌላው የሚቀይረው ኮድ ላይ «ይህን እንድትረዱት አይጠበቅባችሁም» የሚል ማስታወሻ አለ። ብዙ ሰው እንደ ንቀት ወሰደው። ከዩኒክስ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ዴኒስ ሪቺ ቆይቶ ሲያብራራ «ፈተና ላይ አይመጣም» ለማለት ያህል እንደነበር ጽፏል። ቀጥሎም ለካ እኛም አልገባንም ነበር አለ። ኮዱ አንዱ ፈንክሽን ያስቀመጠውን በሌላ ፈንክሽን መውጫ ይመልሳል። በፒዲፒ-11 ማሽን ላይ ይሠራ የነበረው የዚያ ማሽን ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ስለሚያስቀምጥ ነው። ወደ ኢንተርዴታ ማሽን ሲወስዱት ተሰበረ።

ዛሬ ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ኮድ ያለ ችግር ማየት ትችላላችሁ። ኤምአይቲ ለማስተማሪያ ያዘጋጀውን ትንሽ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ኤክስቪ6ን፣ አውርዱ። አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል፤ ኪውኢሙ በተባለው ማሽን አስመሳይ ፕሮግራም ላይ ይነሳል፤ አንዴ ካወረዳችሁት ኢንተርኔትም አያስፈልገውም። ኤስደብሊውቲሲኤች የሚለውን የአሴምብሊ ፋይል ክፈቱ። 14 ሬጂስተር ያስቀምጣል፣ 14 ይጭናል፣ ይመለሳል። ኤክስቪ6 የሚሠራበት ሪስክ-ፋይቭ የተባለው ፕሮሰሰር 32 ሬጂስተር እያለው ለምን 14 ብቻ? ሩቲኑ ከሲ ኮድ እንደ ማንኛውም ፈንክሽን ስለሚጠራ፣ ከቀሩት የሚፈለጉትን ኮምፓይለሩ አስቀድሞ ስታክ ላይ (ፈንክሽኖች ጊዜያዊ ዳታቸውን በሚያኖሩበት ሜሞሪ) አስቀምጧቸዋል። ሲመለስ ግን የሚወጣው በሌላ ስታክ ላይ ነው። አንዱ ገብቶ ሌላው ይወጣል።

ቅዳሜ ከሰዓት ጊዜ ካላችሁ አንድ ነገር ሞክሩ። ኤስ11 የተባለውን ሬጂስተር የሚያስቀምጠውንና የሚጭነውን መስመር አጥፍታችሁ አስነሱት። ምንም ላይታይ ይችላል፤ ለምን እንደሆነ ለማወቅ ኮምፓይለሩ ያወጣውን አሴምብሊ ተመልከቱ። ከዚያ እነሱን መልሱና የመመለሻ አድራሻውን፣ አርኤን፣ የሚያስቀምጠውን መስመር ብቻ አጥፉ። ይሄኛው አይደበቅም፤ ከርነሉ ገና ሲነሳ ፓኒክ ብሎ ይቆማል። ከሚያትማቸው ቁጥሮች ውስጥ ኤስኢፒሲ የተባለው፣ ስህተቱ የተፈጠረበትን አድራሻ የሚያሳየው፣ ዜሮ ይሆናል። ያ ዜሮ ከየት እንደመጣ ማንንም ሳትጠይቁ፣ ኤአዩንም ጨምሮ፣ ራሳችሁ ፈልጉት።