ከትራይፖዱ አጠገብ የተቀመጠው ልጅ

ባለፈው ወር ለፊልም ጀማሪዎች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ ስለ ካሜራ አያያዝ ተናግሬ ስጨርስ፣ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ወጣት እጇን አወጣች። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር በአንድ ስልክና በአንድ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) አጭር ፊልም እየሠሩ መሆናቸውን፣ በታሪኩ ውስጥ አንዲት ተዋናይት ራሷንም መንታ እህቷንም ሆና በአንድ ማዕድ ፊት ለፊት መቀመጥ እንዳለባት፣ ሁለቱን ምስሎች ኮምፒውተር ላይ ሲያጋጥሟቸው ግን ግድግዳው መሐል ለመሐል እንደሚሰበርባቸው ካስረዳችኝ በኋላ፣ «ጥፋቱ የማን ይመስልዎታል?» ብላ ጠየቀችኝ። ከአጠገቧ የነበረው ልጅ አንገቱን ደፋ። እኔም ስለ ፍሬም (ካሜራው ስለሚይዘው የምስል ክልል) እና ስለ ፎከስ (ምስሉን ጥርት ስለሚያደርገው ማስተካከያ) አጭር መልስ ሰጥቼ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ። መልሴ ስሕተት አልነበረበትም፤ ነገር ግን «የማን» የምትለዋ ቃል እስከ ቤቴ ድረስ ተከትላኝ መጣች። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእሷና በጥቂት ሰው፣ በጥቂት ገንዘብ ፊልም ለምትሠሩ ሁሉ ነው።

በ1996 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ እኔም ይህንኑ ትዕይንት ቀርጬ ነበር። ታሪኩ የሁለት ወንድማማቾች ነው፤ አንደኛው ከአባቱ ቤት ያልወጣ ጢማምና ጋቢ ለባሽ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከስደት የተመለሰ፣ ጢሙን የተላጨና ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሲሆን፣ ሁለቱንም የሚጫወተው አንድ ተዋናይ ነበር። በሥራው ላይ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን፤ ዳይሬክተርም ካሜራማንም የሆንኩት እኔ፣ ተዋናዩ፣ ድምፅ የሚቀዳ ወዳጄ፣ አልባሳቱንና ምግቡን የያዘች እኅት፣ እንዲሁም ፊልም መሥራት ለመማር ሲል ያለ ክፍያ መብራት ሊይዝልን የመጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው ልጅ። ካሜራው የተዋስነው ሚኒ ዲቪ (በትንሽ ካሴት ላይ የሚቀርጽ) ሲሆን፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ያገኘነውን ቤት የተከራየነው ለአንድ ቀን ብቻ ነበር።

የሥራው ዘዴ ከሲኒማ ጅማሬ አንሥቶ የታወቀ ነው። ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜሊየስ በአውሮፓውያን 1898 የራሱን ጭንቅላት በአንድ ምስል ውስጥ ደጋግሞ ያሳየው፣ የፍሬሙን ከፊል በጥቁር ሸፍኖ፣ ፊልሙን ወደ ኋላ መልሶ በዚያው ላይ በድጋሚ በመቅረጽ ነበር። እኛ የምናደርገው ከዚያ ይቀላል። ካሜራው ሳይነቃነቅ ተዋናዩን በመጀመሪያ በግራ ወንበር፣ ቀጥሎ በቀኝ ወንበር አስቀምጠን እንቀርጻለን፤ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ የአንዱን ግራና የሌላውን ቀኝ መሐል ላይ እናጋጥማለን። በሁለቱ ቀረጻዎች መካከል ከተዋናዩ በቀር ምንም ነገር መለወጥ የለበትም፤ ፍሬሙ፣ ፎከሱ፣ ብርሃኑና የቀለሙ ሚዛን እንደነበሩ መቆየት አለባቸው።

ልጁን «ማንም ትራይፖዱን እንዳይነካ ጠብቅ» ብዬ አዘዝኩት። ማንም ሳይነግረው ከኪሱ ነጭ ጠመኔ አውጥቶ በሦስቱ የትራይፖድ እግሮች ዙሪያ ወለሉ ላይ ክብ ክብ አሠመረና፣ ዱካ አምጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ጢማሙን ወንድም ጠዋት ቀርጸን ጨረስን። ተዋናዩ ጢሙን ተላጭቶ፣ ልብስ ቀይሮ እስኪመለስ አርባ ደቂቃ ያህል ፈጅቷል። ሌሎቻችን ምሳ በላን፤ እሱ ግን ዳቦውን በእጁ እንደያዘ ከዱካው አልተነሣም። ሁለተኛውን ቀረጻ ልንጀምር ስንል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ቅድም የበሩ እጀታ በስክሪኑ ጠርዝ ላይ ይታይ ነበር፤ አሁን አይታይም» አለኝ። ዝናብ ሊመጣ ደመናው ከብዶ ነበር፤ ቤቱን አመሻሽ ላይ ማስረከብ ነበረብን፤ ካሴቱም ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ስክሪኑን ቀና ብዬ እንኳ ሳላይ «አንተ መብራትህን ያዝ» አልኩት።

በሦስተኛው ቀን ፒያሳ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ለኤዲቲንግ ተቀመጥን። የአንድ ሰዓት ካሴት ኮምፒውተር ላይ ወደ 13 ጊጋባይት ስለሚይዝና ሃርድ ዲስኩም የጋራችን ስለነበረ፣ በወረቀት የመዘገብናቸውን ቴኮች (ነጠላ ነጠላ ቀረጻዎች) ብቻ እየመረጥኩ አስገባሁ። ሁለቱን ግማሾች ሳጋጥማቸው የጠረጴዛው ጠርዝ በአንድ ጣት ስፋት ተዛነፈ፤ የግድግዳው ስንጥቅም ከግራው ወደ ቀኙ ሲሻገር ዘለለ። ተዋናዩ በዚያው ሳምንት ወደሚያስተምርበት ከተማ ይመለሳል፤ ጢሙም በአንድ ሌሊት አይበቅልም። እነዚያ የደከሙ ሰዎች ሁሉ በቆሙበት ወደ ልጁ ዞሬ «ትራይፖዱን ነክተኸዋል» አልኩት። «አልነካሁም ጋሼ፤ ምልክቱ እንኳ አልተዛነፈም» አለኝ። ምልክት ምስክር እንደማይሆን ነገርኩት። ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልጨመረም። ብርሃን እንድንመልስበት ከቤቱ ያመጣውን ነጭ ፎም ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወጣ። በማግስቱ አልመጣም፤ እኔም አላስጠራሁትም። ፊልሙም በዚያው ቀረ።

በ2002 ዓ.ም. የቆዩ ካሴቶቼ ሳይበላሹብኝ ወደ ሃርድ ዲስክ ላዛውራቸው ብዬ ያንን ካሴት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አጫወትኩት። ከመጨረሻው የጠዋት ቴክ በኋላ ካሜራውን ማቆም ረስቼ ኖሮ፣ ማንም አይቶት የማያውቅ ጥቂት ደቂቃ የሚሆን ቀረጻ አገኘሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ ባዶው የቀኝ ወንበር ይታያል። «ቆይ፣ ፎከሱን ልየው» የሚል የራሴ ድምፅ ይሰማል። ምስሉ በዙም ወደ ወንበሩ ጀርባ ይጠጋና እንጨቱ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሲመለስ ግን የተነሣበት ቦታ ድረስ አልደረሰም። የበሩ እጀታ ከፍሬሙ ውጭ ቀርቷል። ትራይፖዱን ማንም አልነካውም። ፍሬሙን የለወጥኩት እኔ ነኝ፤ ልጁም ይህንኑ በዓይኑ አይቶ ነግሮኝ ነበር።

በዚያ ላይ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚያስገባውን የብርሃን መጠን) አውቶማቲክ ላይ ትቼው ነበር። ነጩ ጋቢ ፍሬም ውስጥ ሲገባ ካሜራው ብርሃን ስለሚቀንስ ግድግዳው ጠቆር ይላል፤ ጥቁሩ ካፖርት ሲገባ ደግሞ ብርሃን ስለሚጨምር ያው ግድግዳ ይነጣል። ስለዚህ ፍሬሙ ባይዛነፍ እንኳ ሁለቱ ግማሾች አይገጥሙም ነበር። ልጁን ለማግኘት ሞከርኩ። ድምፅ ይቀዳ የነበረው ወዳጄ፣ ልጁ ወደ አረብ አገር እንደሄደ ከሰፈሩ ሰዎች መስማቱን ነገረኝ፤ ከዚያ ወዲያ ዱካው ጠፋብኝ። በሙያው ውስጥ ቢቆይ ኖሮ ጎበዝ የካሜራ ሰው እንደሚወጣው አልጠራጠርም፤ እንዲያይ ያልታዘዘውን አይቶ ነበርና።

አሁን ወደ ጠያቂዬ ስልክ ልመለስ። ስልክ ከዚያ ካሜራ የበለጠ በራሱ ፈቃድ ይሠራል። ፎከሱንና ኤክስፖዠሩን ካልቆለፋችሁበት በየሰከንዱ ይለዋውጣቸዋል፤ ንዝረት መከላከያው ትራይፖድ ላይ ቆሞም ፍሬሙን ሊያንሸራትት ስለሚችል ማጥፋት ይገባል፤ ከአንዱ ሌንስ ወደ ሌላው እንዳይዘልም መቆለፍ አለበት። የፎከስ ርቀት ሲቀየር የምስሉ ስፋት በጥቂቱ ስለሚለወጥ፣ ሁለቱም ወንበሮች ከካሜራው እኩል ይራቁ። ቀረጻውን በጣታችሁ ከመንካት ይልቅ በጆሮ ማዳመጫው ቁልፍ ወይም በርቀት መቆጣጠሪያ አስጀምሩ። ሰው የሌለበትን ክፍል ከሥራው በፊትም በኋላም ለአሥር አሥር ሰከንድ ቅረጹት፤ መጋጠሚያው ላይ ጥላ ቢወድቅ ወይም ክንድ ቢያልፍ መጠገኛችሁ ያ ባዶ ምስል ነው። መጋጠሚያውን ራሱን በልሙጥ ግድግዳ ላይ ሳይሆን በበር መቃን ወይም በመጋረጃ እጥፋት ላይ አሳርፉት። በክረምት መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ ዝጉና በአምፖል ሥሩ፤ የአገራችን መብራት በ50 ኸርዝ ስለሚሠራ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ሸተሩን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ፣ ቀረጻውንም በሰከንድ 25 ነጠላ ምስል (ፍሬም) ላይ ካላደረጋችሁት ግድግዳው ላይ ጥቁር ሞገድ ይመላለሳል።

ብዙዎቻችሁ ስለ ግሪን ስክሪን፣ ማለትም ተዋናዩን አረንጓዴ ጨርቅ ፊት ቀርጾ ጀርባውን በኮምፒውተር በሌላ ምስል ስለመተካት፣ ትጠይቁኛላችሁ። ከመርካቶ የተገዛ አረንጓዴ ጨርቅ ያለ ጭምድድ ከተወጠረና ተዋናዩ ከጨርቁ ሁለት ሜትር ያህል ከራቀ ይበቃል። ፀጉሩ ዙሪያ ጥርስ ጥርስ የሚያወጣው አብዛኛው ስልክ፣ እንደ ጥንቱ ሚኒ ዲቪ ሁሉ፣ የቀለሙን መረጃ ከብርሃኑ መረጃ ሩብ ያህል ብቻ ስለሚያስቀምጥ ነው። ከፍ ባለው የምስል መጠን በፎር ኬ ቀርጻችሁ ሥራውን ከእሱ ባነሰው በ1080 ብትጨርሱት ጠርዙ ይጠራል። ምስል የምታጋጥሙበትን ሶፍትዌር በተመለከተ ብሌንደርም ዳቪንቺ ሪዞልቭም ያለ ክፍያ ይገኛሉ፤ እኛ በዚያን ጊዜ ይህን አላሰብነውም ነበር።

የዛሬ ወጣቶች ከእኛ ይልቅ ፈጣን ናችሁ፤ አንድ ምሽት በተቀመጣችሁበት እኛ ሦስት ወር የፈጀብንን ትማራላችሁ። የማይዋጥልኝ ነገር ግን አለ። በአምስት ደቂቃ ፊልም ውስጥ ከኢንተርኔት የወረደ ፍንዳታና የተኩስ እሳት ትደረድራላችሁ፤ ተዋናያችሁ ዓይኑን የት እንደሚጥል ግን አታስቡም። በመንታ ትዕይንት ተመልካች አስቀድሞ የሚያየው መጋጠሚያውን ሳይሆን ሁለቱ ሰዎች ይተያያሉ ወይስ አይተያዩም የሚለውን ነው። ባዶው ወንበር ላይ ቁመቱ ከተዋናዩ የሚቀራረብ ሰው ተቀምጦ መልሱን ይስጠው፤ በሁለተኛው ቀረጻ ደግሞ የመጀመሪያው ንግግር በጆሮው ይሰማው።

ዕቃ አትግዙ፣ ተዋሱ እላለሁ፤ ሆኖም ከባድ ትራይፖድ ብትገዙ አልቃወምም፤ እኔም ከሁሉ አስቀድሜ የገዛሁት እሱን ነበር። ሾቶቻችሁን ሁሉ አስቀድማችሁ በወረቀት ሣሏቸውም እላለሁ። ነገር ግን በሕይወቴ ከቀረጽኳቸው ምስሎች አብልጬ የምወደው በወረቀት ላይ አልነበረም። በሌላ ቀረጻ ላይ የቤቱ እመቤት ቡና ስታፈላልን ዕጣኑን አብዝታው ጭሱ ክፍሉን ሞላና፣ በመስኮት የገባው የአራት ሰዓት ፀሐይ ወለሉ ድረስ እንደ ምሰሶ ተተከለ፤ ስክሪፕቱን አስቀምጬ ተዋናይቱን እዚያ ብርሃን ውስጥ አቆምኳት። ከዚያ ወዲህ ለቀረጻ ስወጣ ዕጣን ከቦርሳዬ አይጠፋም። በመንታ ትዕይንት ላይ ግን አታጭሱ፤ ጭስ በሁለት ቀረጻ አንድ ዓይነት ሆኖ አይቆምም።

ስለ አሠራር የምጨምረው አንድ ነገር ነው። ቡድናችሁ አራት ሰው ቢሆንም፣ ከአራቱ አንዱ የጠርዝ ተመልካች ይሁን። ከመጀመሪያው ቀረጻ የወጣውን ምስል በሌላ ስልክ ይዞ አራቱን ማዕዘን ከስክሪኑ ጋር ያስተያይ፤ ልዩነት ካየ ዳይሬክተሩን «ቁም» የማለት መብት ይኑረው። እኔ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ይህን ሥራ የምሰጠው በዕድሜ ለሁሉም ታናሽ ለሆነው ነው፤ «ቁም» ሲለኝም ምክንያቱን ሳልጠይቅ በመጀመሪያ እቆማለሁ።

ለጠያቂዬ፦ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አዳራሽ ውስጥ ሆኜ ላውቅ አልችልም። የተቆራረጠውን ሳይሆን ስልኩ የመዘገበውን ሙሉ ቀረጻ፣ በተለይ «ተቆርጧል» ከተባለ በኋላ ያሉትን ሰከንዶች፣ አንድም ሳታስቀሩ ተመልከቱት። አጠገብሽ ተቀምጦ የነበረው ያ ልጅም አብሯችሁ ይይ፤ በመጀመሪያ እሱ ያየውን ይናገር።